ሰባት ቀን ስትሉ ስድስት ሌሊት አለበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ደብረ ብርሃን ነው የምንሠራው፤ አንዱ ሸዋ ሮቢት ነው ያለው። የዓመት ፈቃዳችንን ገጣጥመን ሰባት ቀን ተራራ ላይ ልንከርም አስበናል። ከደብረ ሲና ተነሥተን ወደ ጣርማ በር እንወጣለን፤ ከዚያ በመዘዞ አድርገን አፋፍ አፋፉን ጓሳ እንገባለን፤ ከጓሳ ገደሉን ወርደን ሸዋ ሮቢት፣ ከሸዋ ሮቢት በአስፋልቱ ሽቅብ ተመልሰን ደብረ ሲና። ዙሪያውን በስልክ ስንለካው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። በቀን 23 ኪሎ ሜትር ብንሄድ እንጨርሰዋለን። ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ ምድጃውም በጀርባችን ነው፤ ሸክማችን በነፍስ ወከፍ 25 ኪሎ ይሆናል። ፍራሽ ስለማይመቸን ለመኝታ ጓሳ ሣር አጭደን እንጎዘጉዛለን። ወሩ ኅዳር ነው። ሞኝነት ነው ወይስ ይቻላል? — ሦስቱ ጓደኛሞች

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ፣ እኔ ደኅና ነኝ፤ ለእናንተ ጉልበት ግን ከወዲሁ አዝኛለሁ።

ሞኝነት አይደለም። ደብዳቤያችሁን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እግር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሌሊት ግን ጓሳ አጭደን እንተኛበታለን ከምትለዋ በቀር አንድም ቃል የለም። እሷም ስህተት ናት፤ እመለስባታለሁ። ሰባት ቀን ስትሉ ስድስት ሌሊት አለበት። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ የምትወጣውም ጠዋት ከ12 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው። ስድስት ጊዜ አሥራ ሁለት 72 ሰዓት ነው። በእግራችሁ የምትሄዱት በቀን 5 ሰዓት ቢሆን ሰባቱም ቀን ተደምሮ 35 ሰዓት ነው። እንግዲህ የጉዟችሁ ትልቁ ክፍል ጋደም ብላችሁ ጣራ የምታዩበት ነው ማለት ነው። እናንተ ግን ያቀዳችሁት ትንሹን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ስሙኝ። በምትሄዱበት ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከእኔ አትጠይቁ፤ መጽሔቱ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ የእኔ ወሬ ያረጃል። በዚያው ሳምንት መዘዞም መሐል ሜዳም ለሚኖር ዘመድ ደውሉ። ሁለት ሰው «ዘንድሮ ይቅርባችሁ» ካላችሁ ይቅርባችሁ፤ ጓሳ የትም አይሄድም። መታወቂያችሁን ያዙ፤ የምታድሩበት አካባቢ ቀበሌ ይወቃችሁ። ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ያደሩ ሦስት ጎረምሶች እነማን እንደሆኑ ካልታወቀ ሥጋት የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ካርታው። እኔ ሞላሌ ተወልጄ ደብረ ብርሃን ላይ 31 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስጨንቃቸው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይህ መስመር ርዝመቱ ነው ወይስ ቁመቱ?» እላቸው ነበር። ስልካችሁ የነገራችሁ ርዝመቱን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አይሞላም፤ ጓሳ ግን ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ከጓሳ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 2,000 ሜትር ቁልቁል ነው፣ ያውም 25 ኪሎ ተሸክማችሁ። ሽቅብ የሚፈትነው ሳንባን ነው፤ ቁልቁል የሚፈትነው ጉልበትን ነው፣ ጉልበት ደግሞ የሚታመመው በማግስቱ ነው። በማግስቱ እናንተ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ከ1,000 ሜትር በላይ መልሳችሁ ልትወጡ ነው፤ በየት? ከአዲስ አበባ ደሴ በሚሄደው አስፋልት፣ በከባድ መኪና መካከል፣ በቆላ ፀሐይ። ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ የተራራ ጉዞ ሳይሆን መኪና ያመለጠው ሰው ጉዞ ነው።

ሌላም አለ። ኅዳር ደጋው ላይ የውርጭ ወር ነው፤ ቆላው ላይ ደግሞ የወባ ወር ነው። ክረምቱ ከወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ጊዜ መሆኑን የሸዋ ሮቢቱ ጓደኛችሁ ከእኔ በላይ ያውቃል። በዕቅዳችሁ መሠረት ማክሰኞ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ረቡዕ ሌሊት አጎበር ያስፈልጋችኋል። ሁለቱንም መሸከም አለባችሁ።

የርቀቱን ሒሳብ ደግሞ እንዲህ አስቡት። የድሮ ተራራ ወጪዎች ሜዳ ላይ 5 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ይሉና ለየ600 ሜትሩ አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ይጨምራሉ። ያም ቀላል ሸክም ለያዘ ሰው ነው። 3,400 ሜትር ላይ 15 ኪሎ ተሸክሞ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው እኔ ጎበዝ እለዋለሁ። 23 ኪሎ ሜትር በዚህ ሒሳብ 8 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ዕረፍቱ፣ ምሳው፣ ውሃ መቅዳቱ፣ ድንኳን መትከሉ ሳይቆጠር። አንድ ቀን ይቻላል። ሰባት ቀን ግን አይቻልም፤ በሦስተኛው ቀን እርስ በርስ ትኳረፋላችሁ።

እኔ ብሆን ደጋው ላይ ወጥቼ ደጋው ላይ እከርም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን በእግር አልነካውም። ሦስታችሁም ደብረ ብርሃን ተገናኙና በመኪና በጣርማ በር፣ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ አጠገብ ወደ ግራ ታጥፋችሁ፣ በመዘዞ በኩል ጓሳ ግቡ። ጓሳን የሚጠብቀው የመንዝ ማኅበረሰብ ማረፊያ ቤት መሐል ሜዳ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። የመግቢያውን ክፍያ ክፈሉ፣ ከጥበቃዎቹ አካባቢውን የሚያውቅ መንገድ መሪ ውሰዱ፣ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ እነሱ ያሳዩአችሁ። እዚያው ሁለት ሌሊት እደሩ። በሁለተኛው ቀን ሸክሙን ትታችሁ ባዶ እጃችሁን ወደ አፋፉ ወጣ በሉ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ተመልከቱ፣ ተመለሱ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን በአፋፉ ላይ ወደ ሰሜን ነው፣ በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር። አምስተኛውን ቀን ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙሩና ከነፋሱ ሽሹ፤ ስድስተኛውን በጌራ መንደሮች መካከል አድርጋችሁ መሐል ሜዳ ላይ ጨርሱ። ሰባተኛው ቀን የአውቶቡስ ነው። በድምሩ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ትንሽ መሰላችሁ? ከአፋፉ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ከእግራችሁ ሥር የአፋር ቆላ ነው፤ ውሃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጀርባችሁን ብታዞሩ በዚያ ወገን ያለው ጅረት በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። አንዱን ጠብታ ከሌላው የሚለየው የሣር ጉብታ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ሰው በቀን 23 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ምን ፈልጎ ነው?

«አቡዬ ሜዳንስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የሸዋ ከፍተኛው ጫፍ ነው፣ 4,000 ሜትር ገደማ። ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ነገር ያሳስበኛል። እናንተ ሁለታችሁ 2,800 ሜትር ላይ ነው የምትኖሩት፤ ደማችሁ ለምዶታል። እሱ በአንድ ቀን 2,000 ሜትር ከፍ ሊል ነው። ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ነው። የእህቴን ልጅ አንድ ጊዜ ከአዋሽ 7 ኪሎ አስመጥቼ በዚያው ቀን በመኪና ጓሳ ወሰድኩት። ማታ ራሱን አመመው፣ እራት አልበላ አለ፣ ሌሊት አስመለሰው። እኔ የተማርኩት አጎቱ ምን አልኩ? «ብርድ ነው።» አረቄ ቀመስ አድርጌ በባና ጠቅልዬ አስተኛሁት። ጠዋት ሲነሣ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ሰክሮ ግን አይደለም። ያኔ ደነገጥኩ። በበቅሎ እስከ መኪና መንገዱ፣ ከዚያ በተገኘው መኪና ቁልቁል ደብረ ሲና አወረድነው። ከሰዓት በኋላ ሽሮ ጠየቀ። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ታሪክ የምታወራው እኔ እያለሁ ነው።

የከፍታ ሕመም የሚባለው ይኼ ነው። መነሻው ብርድ አይደለም፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ለመልመድ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ሁለት ሌሊት ደብረ ብርሃን እናንተ ዘንድ ይደር፤ ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ ያልኳችሁም ዋናው በእሱ ምክንያት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው መኝታችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እዚያው ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ አትውጡ። ራስ ምታቱ እየባሰ ማስመለስ ከተጨመረበት ውረዱ። ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሰው ተጨምሮ፣ ተደግፎ፣ በበቅሎም ሆነ በቃሬዛ ይውረድ። አረቄ እንዳትሰጡት።

እንግዲህ ስለ ሌሊቱ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማለዳ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ሲነጣ፣ የቧንቧ ውሃ ጣት ሲቆርጥ። ጓሳ ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ዲግሪ ይብሳል፤ ደግሞም ግድግዳ የለውም። ሰው የሚሳሳተው ብርድ ከላይ የሚመጣ እየመሰለው ነው። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች አንድ ላስቲክ ያነጥፋል። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ይጠጣል። ሦስት ካላችሁ አንዱን ከታች አድርጉት፤ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልላችሁ ብትይዙ ደግሞ ክብደቱ ምንም አይደለም። ጋቢ እወዳለሁ፣ አሁንም ለብሼ ነው የምጽፈው፤ ግን ጥጥ ነው፣ ከረጠበ በራሱ ብርድ ይሆናል። የመንዝ ባና የበግ ጠጉር ነው፤ እርጥበት ቢነካው እንኳ ያሞቃል። የአገሬ ስለሆነ አይደለም የማወድሰው። ትንሽ የአገሬ ስለሆነም ነው። ክፋቱ መክበዱ ነው፣ መፍትሔ አለው፣ እነግራችኋለሁ። አንድ ጥንድ ደረቅ የሱፍ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ለዩ፤ ዓለም ቢገለበጥ በቀን አታድርጉት። ማታ የፈላ ውሃ በኮዳ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ፤ ጠዋት ያልረጋ ውሃ ይኖራችኋል። ስልክም ብብት ውስጥ ይደር፤ ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ጠዋት ደግሞ አትቸኩሉ። ጭላዳን እዩት። ሌሊቱን ገደሉ ላይ፣ ሰውም ነብርም በማይደርስበት ጠርዝ ያድራል፤ ፀሐይ አፋፉን ስታሞቀው ነው ወጥቶ ተቀምጦ የሚሞቀው፣ ከዚያ ሣሩን መንጨት ይጀምራል። እናንተም እስከ ሁለት ሰዓት ጠብቁ፤ ድንኳኑ ላይ ያለው አመዳይ ይቅለጥ፣ ይድረቅ። እርጥብ ድንኳን የጠቀለለ ሰው ማታ የሚዘረጋው እርጥብ ድንኳን ነው።

ጓሳውን ስለማጨድ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አይቻልም። ሣሩ ስሙን ለቦታው የሰጠ ሣር ነው፤ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለገሳም ይሆናል። የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ጠባቂ አለቆች ይመርጣሉ፣ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋሉ፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው በአንድነት ይከፍታሉ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተራቆተ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ አስከበረው። ልጅ ሆኜ አባቴ «ጓሳው ተከፈተ» የሚለውን ወሬ እንዴት እንደሚጠብቅ አስታውሳለሁ። ቤታችን ያፈስ ነበር። የዚያ አገር ሰው ተራውን ጠብቆ የሚያጭደውን ሣር እናንተ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ አጭዳችሁ ብትገኙ የሚከተለውን እኔ አልነግራችሁም፣ መንገድ መሪያችሁ ይነግራችኋል። አስታም ጅብራም አትቁረጡ። እሳት አታንድዱ፤ ማብሰያችሁ የነጭ ጋዝ ምድጃ ይሁን። ለሦስት ሰው ለስድስት ሌሊት ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃል።

ሸክሙ። 25 ኪሎ ብላችሁ ስትጽፉ ትንሽ የኮራችሁ መሰለኝ። ሰው ከክብደቱ ከአንድ አራተኛ በላይ ባይሸከም መልካም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ይበቃዋል። የቀረውን አህያ ይሸከመው። ከነነጂው ተከራዩ፤ ባናው፣ ጋዙ፣ ምግቡ አህያ ላይ ይሁን፣ በጀርባችሁ ላይ ደግሞ የቀን ምግብ፣ ውሃ፣ የዝናብ ልብስና የመኝታ ካልሲ ይሁን። «በራሳችን ካልተሸከምን ጉዞ አይባልም» የሚል ጓደኛ በመካከላችሁ እንዳለ ጠርጥሬያለሁ። እሱ የአህያውን ድርሻ ይሸከም።

ምግብ ላይ እኛ የታደልን ነን፤ ፈረንጅ በፋብሪካ አድርቆ በውድ የሚሸጠውን እናቶቻችን ጣራ ላይ ያሰጡታል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ። ድርቆሽ ውሃ ፈልቶ በርበሬና ዘይት ጠብ ሲደረግበት በአምስት ደቂቃ እራት ነው። ምስርና ክክ ግን አትያዙ። 3,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይንተከተካል እንጂ አያበስልም፣ ጋዛችሁን ጨርሳችሁ ጥሬ ክክ ታኝካላችሁ። በነፍስ ወከፍ በቀን 800 ግራም ደረቅ ምግብ አስቡ፤ ለሦስት ሰው ለሰባት ቀን 17 ኪሎ ያህል ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ የምትጾሙ ከሆነ ጭኮው ይቀርና የለውዝ ቅቤና ዘይት ጨምሩ፣ ቅባት የሌለው ሰው ሌሊት ይበርደዋል። ውሃ ከምንጭም ከጨፌም ይገኛል፣ ከብት ግን ከላይ ውሎበት ይሆናል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት።

ጉም። ይህን ብቻ ሳልነግራችሁ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ከቆላው የሚነሣው ጉም ገደሉን ይዞ ይወጣና አፋፉን በደቂቃ ይሸፍነዋል፤ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። በ1979 ታኅሣሥ ላይ ከሁለት መምህራን ጋር ሆኜ ያዘን። የራሴን እጅ ዘርግቼ ጣቶቼ ይደበዝዙብኛል። አንደኛው «በዚህ ነው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለና ከፊት መራ። ትንሽ እንደሄድን የጭላዳ ድምፅ ሰማሁ፣ ያ እንደ አሮጊት የሚያጉተመትሙት። ድምፁ የመጣው ከፊታችንም ከጎናችንም አይደለም፤ ከእግራችን ሥር ነው። «ቁም!» አልኩት። እዚያው ተቀመጥን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሎ እየቆረጠምን። ጉሙ ሲገለጥ ከፊቱ የቀረው መሬት ይህ የምጽፍበት ጠረጴዛ አያክልም ነበር። እንግዲህ ጉም ከያዛችሁ ተቀመጡ፤ «አውቀዋለሁ» የሚለውን ደግሞ እግሩን ያዙት።

ጫማችሁ አዲስ ከሆነ ከአሁኑ ጀምራችሁ ሥራ ቦታ አድርጉት። ገብሱ በኅዳር ገና ሙሉ በሙሉ ስላልታጨደ በእርሻ መሐል አትለፉ፤ ዙሩ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሜዳ ስትወጡ ከውሃ 70 እርምጃ ርቃችሁ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ቅበሩ።

ጥያቄ፦ ጓሳ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ትልቅ ውሻ አለኝ፤ ለጥበቃ ይዤው ብሄድ ምን ይመስልዎታል? — ከጠባሴ

መልስ፦ አይሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ተቆጥሮ 500 አይሞላም፤ ከዚያ ጥቂቱ ጓሳ ላይ አይጥ እያደነ ይኖራል። ከሰው ጥይት ይልቅ የጨረሰው የውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙውን ፈጅቶታል። የእርስዎ ውሻ የተከተበ ቢሆንም እንኳ የመንደሩ ውሾች ተሰብስበው ሲመጡበት ጠባቂው እርስዎ ይሆናሉ።

ይልቅ ዱላ ይያዙ፣ ወደ ሰው ቤት ሲቀርቡም ርቀው ይቁሙና «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» ብለው ይጣሩ። ሳይጣራ ግቢ የገባን ሰው ውሻ ቢነክሰው መንዝ ላይ ጥፋተኛው ሰውዬው ነው። ከተነከሱ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ ይጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ሲና ነው የምኖረው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ከጓደኞቿ ጋር፣ ሁለት ሴቶች ሦስት ወንዶች ሆነው፣ ተራራ ላይ ሊያድሩ ነው ብላ ነገረችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ጅብ አለ፣ ነብር አለ፣ ብርዱ አለ፣ ሰዉም አለ። ልከልክላት ወይስ ምን ላድርግ? — አንዲት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳትደብቅ ነግራዎታለችና ግማሹን መንገድ ራሷ መጥታለች። ከከለከሏት በሚቀጥለው ጊዜ አትነግርዎትም፤ እኔ ሦስት ሴት ልጆች አሳድጌ ነው የምለው።

ነብሩ ከሰው ይሸሻል፤ ቢኖርም አያዩትም። ጅብ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው፤ ምግቡንና የቆዳ ጫማውን ውጭ ካላሳደሩ፣ ድንኳናቸውም አንድ ላይ ከሆነ፣ ድምፁን ሰምተው ፈርተው ያድራሉ እንጂ ሌላ ነገር የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ብርዱና ገደሉ ነው፤ ስለ ሁለቱም ከላይ ለሦስቱ ጎረምሶች የጻፍኩትን ያስነብቧት። የሰዉ ነገር እውነት ነው። መንገድ መሪ ከማኅበረሰቡ ይውሰዱ፣ ሴቶቹ በአንድ ድንኳን ይደሩ፣ ድንኳናቸውንም ከጥበቃዎቹ ሳይርቁ ይትከሉ።

እርስዎ ደግሞ ይህን ይጠይቋት፤ ጉዞውን የሚመራው ማን ነው? የመሪያቸው ስልክ ስንት ነው? የት የት ያድራሉ? በስንተኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመለሳሉ? በወረቀት ትጻፍልዎት። ስልክ እዚያ ላይ አንዱ ጉብታ ላይ ይሠራል፣ ሸለቆው ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ «ማታ ማታ ደውይ» አይበሏት። ካልደወለች ያብዳሉ፣ እሷም ኔትወርክ ፍለጋ በጨለማ አፋፍ ለአፋፍ ትሄዳለች። ይልቅ «ቀን ላይ ከፍታ ቦታ ስትደርሱ መልእክት ላኪ» ይበሏት። ከተባለው የመመለሻ ቀን አንድ ሙሉ ቀን ካለፈና ድምፅ ከጠፋ ያኔ ለመንገድ መሪውና ለጥበቃዎቹ ይደወል። ከዚያ በፊት ጸሎት ብቻ ነው።

ስንቁንም እርስዎ ያዘጋጁላቸው። ድርቆሽ ለመድረቅ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይፈልጋልና ከአሁኑ ያስጡት። በርበሬውን ግን ቀነስ ያድርጉላቸው፤ አፋፉ ላይ ውሃ ሩቅ ነው።